ዘጠኝ ቁጥር አልጋ

ኅዳር 3 ቀን

ለባቡር ጣቢያው የሴቶች ማረፊያ ክፍል አስተናጋጅ፤

ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርምና እንደምን ሰንብተሻል። እኔ ደኅና አይደለሁም፤ ደኅና ያልሆንኩትም በአንቺ ምክንያት ነው።

ጥቅምት 19 ቀን ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ላይ የተኛሁት ተሳፋሪ ነኝ። የሥራ ፈቃዴን አሳድሼ ወደምሠራበት አገር ስመለስ፣ ሁለት ሌሊት መቀመጫ ላይ አድሬ፣ ባቡር ለመቀየር እናንተ ጣቢያ ወረድኩ። ረፋድ ሦስት ሰዓት ይመጣል የተባለው የድንበሩ ባቡር ስምንት ሰዓት ይዘገያል ብላችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፋችሁ። እሺ አልን። ባቡር ከአራት ሰዓት በላይ ሲዘገይ ማረፊያው ይከፈታል አላችሁ፤ ለአሮጊት፣ ለሕፃን እናትና ከሩቅ ለመጣች አልጋ፣ ለቀረው ሰው አግዳሚ ወንበርና ብርድ ልብስ። እሺ። ሻይና ዳቦ አደላችሁን፤ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፣ እሱንም እሺ። አንቺ ቲኬቴን ተቀብለሽ ምስማር ላይ ሰቀልሽና ዘጠኝ ቁጥር የተመታባት ቆርቆሮ ሰጠሽኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በጣትሽ አሳየሽኝ፦ "ባቡሩ ከመድረሱ ግማሽ ሰዓት በፊት አስተናጋጇ ቀስቅሳ ቲኬት ትመልሳለች፤ የተቀሰቀሰ ይፈርማል።" ይህች ልጅ አፍ የላትም እንዴ ብዬ ነበር።

ስነቃ ክፍሉ ባዶ ነው። አስራ ሦስቱ አልጋዎች ተነጥፈዋል። ባቡሩ ከሄደ አምስት ደቂቃ ሆኖታል። ቲኬቴ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ጫማሽን ታያለሽ።

ቀጣዩ ባቡር የመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ እስከዚያ በኪራይ አልጋ አደርኩ። እዚህ ስደርስ አስራ ሁለት ዓመት ጨርቅ የቆረጥኩበት ጠረጴዛ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ፋብሪካው "ጥፋቱ ያንቺ አለመሆኑን ከባቡሩ መሥሪያ ቤት ወረቀት አምጪ" ይላል። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ "ያልቀሰቀሰችሽን ሠራተኛ ስም ጻፊ" ይላል። ስለዚህ ስምሽን ከነአባትሽ ጽፈሽ ላኪልኝ። ለዚህ እንኳ አፍ አያስፈልግም።

የዘጠኝ ቁጥሯ


ኅዳር 15 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና በሕይወት አለን። እኛ ማለቴ እኔና እናትዎ ነን።

ስምሽን ላኪ ብለውኛል። ስሜን ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት። በተወለድኩ ሳምንት እናቴ ማን እንበላት ብላ ስትጠይቅዎት፣ ከመርፌዎ ቀና ሳይሉ ስሜን እንደተናገሩ አያቴ ብዙ ጊዜ ነግረውኛል። ስለዚህ ስሜን ያውቁታል። የእህትዎ ልጅ ነኝ። እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ያን ጊዜ የላኩልንን ደብዳቤ አያቴ አሁንም ትራሳቸው ሥር ያስቀምጡታል።

ፊትዎን እንዴት ላውቀው እችላለሁ ይሉ ይሆናል። ፎቶዎ ከአልጋችን በላይ ተሰቅሏል። ያን ቀን ሲገቡ እሷን የሚመስሉ ሴት ናቸው ብዬ አሰብኩ፤ አክስቴ ናቸው ብዬ ግን አላሰብኩም። ምክንያቱም "የምሄድበት ባቡር በእናንተ በኩል አያልፍም" ብለው በየዓመቱ ለአያቴ ይጽፋሉ፣ እኔም በየዓመቱ አነብላቸዋለሁ። በኋላ ቲኬቱ ላይ ስምዎን አየሁት።

አፍ የላትም ብለዋል። ልክ ነዎት፣ መናገር አይሆንልኝም። ሰው እንኳ በድምፄ አልቀሰቅስም፤ የአልጋውን ብረት በበሩ ቁልፍ መታ መታ አደርጋለሁ። ስጽፍ ግን አላፍርም፤ የምጽፍለት ሰው አያየኝም።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ስሜን አይስጡ። የምንኖርባት ክፍል የጣቢያው ናት፤ የተሰጠችንም እኔ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው። እኔ ከሥራ ከወጣሁ አያቴም ከቤት ይወጣሉ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 27 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አለቀ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ በሦስተኛው ገባኝ። አውቀሽኛል። አውቀሽ ዝም አልሽ። ዝም ብለሽ ደግሞ ባቡሩን አሳለፍሽብኝ። ይሄ እንዲሁ መርሳት አይደለም፣ በቀል ነው። እናትሽም እንዲሁ ነበረች፤ ስትቆጣ አትናገርም፣ ከሳምንት በኋላ መቀስሽ ይጠፋል።

አሁን የምልሽን ስሚ። አንደኛ፣ እዚያ እንደነበርኩ ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ። አሮጊት ናት፣ ልቧን አትስበሪ። ሁለተኛ፣ ስምሽን ሰጥቻለሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከሰጠሁ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢደርሰኝም እሰጥ ነበር፣ አልዋሽሽም። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ አልጋ ማንጠፍ የትም ታገኚያለሽ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ጠረጴዛ አላገኝም።

ሲጠይቁሽ "ሳልቀሰቅሳት ቀረሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" በይ። እውነቱም እሱ ነው። እውነት መናገር ምን ይከብዳል?

አክስትሽ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ይህን የምለው ደብዳቤ ላይ ስለሚባል ነው።

የጣቢያው ሹም ጠሩኝ። ሠራተኛው "ደቂቃ" ይላቸዋል፤ ባቡር ስምንት ሰዓት ሲዘገይ እሳቸው ሻይ ላይ ለዘገየ ሰው ደቂቃ ይቆጥራሉ። መዝገቡን ገልጠው፣

"ልጄ፣ አስራ ሦስት ፊርማ አለ፣ አንዱ የለም። የት ሄደ?" አሉኝ።

ዝም አልኩ።

"ዝምታ መዝገብ ላይ አይጻፍም።"

ብዕራቸውን አስቀምጠው መዝገቡን ዘጉ።

"እሺ፣ አንቺ የምትችዪው መጻፍ ነው አሉ። እስከ ጥር 15 በጽሑፍ አምጪ። ረስቻት ነው ካልሽ አንቺ ትሄጃለሽ። ቀስቅሻት እምቢ አለችኝ ካልሽ እሷ ወረቀት አታገኝም። ሦስተኛ ነገር ካለም ጻፊ፣ ሦስተኛ ነገር ግን አይቼ አላውቅም።"

ስለዚህ "እምቢ አለችኝ" ብዬ መጻፍ እችላለሁ። ማን ያየኛል? ይህን ይወቁት።

የእናቴን መቀስ መደበቅ አንስተዋል። የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም፤ እኔ ግን እሰጣለሁ። እናቴ መቀስ ደበቀች፤ እርስዎ ራስዎን ደበቁ። ከማረፊያው መስኮት የእኛ ቤት ጣሪያ ይታያል፤ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ያን ቀን ከእኔ ጋር የተናገሩት ሁለት ነገር ነው። "ትኩስ ሻይ የለም?" አሉኝ። ከዚያ በዚያ መስኮት ትንሽ አዩና "መጋረጃውን ዝጊው፣ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ" አሉኝ። ያን ቀን ደመና ነበር።

"በዚህ ሰፈር አሮጊት እናት ነበረችኝ፣ ታውቂያት ይሆን?" እስኪሉኝ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። አላሉም። ጫማዎን አወለቁና ተኙ። የአሮጊት ልብ መስበር እኔን አያስተምሩኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 2 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታውን ካለፈው ደብዳቤ ቁጠሪው።

መልስ ያዘገየሁት እጄ ቆስሎ ነው። ከቆራጮች ጠረጴዛ አንስተው ክር ለቃሚ አድርገውኛል። ከተሰፋ ልብስ ላይ ትርፍ ክር ስለቅም እውላለሁ። የምታዘኝ መቀስ አያያዝ ያስተማርኳት ልጅ ናት። "እትዬ፣ እዚህ ጋ አንድ ክር ቀርታለች" ትለኛለች፤ ክሯን በጣቷ ይዛ ታሳየኛለች። አንቺ ከምትጽፊልኝ ሁሉ ይልቅ ያቺ ጣት ታመኛለች።

"እምቢ አለችኝ" ብለሽ ከጻፍሽ እዚሁ እቀራለሁ። ጻፊ። አትጻፊ ብዬ አልለምንሽም፤ ለልመና አልተፈጠርኩም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እስከዛሬ ያልጠየቅኩሽ መልሱን ስለፈራሁ ነው። ያን ቀን ስተኛ የኮቴ ሁለተኛ ቁልፍ ተበጥሶ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስነቃ ቁልፉ ተተክሏል። ኮቱ ጥቁር፣ ክሩ ሰማያዊ። አስተናጋጇ ናት የተከለችው፣ ለባቡሩ ካሳ መሆኑ ነው ብዬ ልበጥሰው ነበር። ኋላ ገልብጬ አየሁት። ክሩ ከቁልፉ ሥር ሦስት ዙር ተጠምጥሞ፣ ቋጠሮው ጨርቁ ውስጥ ተደብቋል። ይሄ የሥራዬ ነገር ነው፣ ሰው አያታልለኝም። በዚህ ዓለም እንደዚያ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት።

አንቺንም አስተምራሽ ከሆነ አስተምራኛለች በዪኝና ልረፍ።

አክስትሽ


ጥር 16 ቀን

ለአክስቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። አላስተማሩኝም። መርፌ ላይ እጄ አይረባም።

አልናገርም ብዬ ለአያቴ ቃል ገብቼ ነበር፤ አሁን ግን ልንገርዎት። ያን ቀን እንደተኙ ወደ ቤት ሮጥኩ። "አክስቴ ማረፊያው ውስጥ ተኝተዋል" አልኳቸው። አያቴ የሚደነግጡ መስሎኝ ነበር። ዱላቸውንና የመርፌ ቆርቆሯቸውን አንስተው፣ "ስንት ሰዓት ዘገየ?" ብቻ አሉኝ። መንገድ ላይ ነው የገባኝ። አያቴ በየዓመቱ ጥቅምት ሲመጣ፣ የቅያሪው ባቡር በሚገባበት ሰዓት፣ መድረኩ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ምን ያደርጋሉ ስላቸው "ፀሐይ ልሙቅ" ይሉኛል። እኔም አምን ነበር።

ከስድስት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት አጠገብዎ አስር ቁጥር አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ቁልፉን በዳሰሳ ተከሉት፤ የክሩን ቀለም እኔም አልነገርኳቸውም። ብርድ ልብሱን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ። አንዴ እጃቸው ፀጉርዎ ድረስ ሄዶ ተመለሰ።

አስር ሰዓት ተኩል ላይ ባቡሩ ካለፈው ጣቢያ ተነሣ ተብሎ ተደወለ። ሁሉንም ቀሰቀስኩ፣ አስፈረምኩ። ዘጠኝ ቁጥር ስደርስ ብረቱን ልመታ የበሩን ቁልፍ አነሣሁ፤ አያቴ የእጄን አንጓ ያዙኝ።

"ተያት ትተኛ።"

"ባቡሩ ያመልጣቸዋል" አልኩ።

"አምስት ዓመት ስታልፍ አይቻታለሁ። በአካሄዷ አውቃታለሁ። ይሄን አንድ ጊዜ ተቀምጬ ልያት።"

ባቡሩ የሚቆመው አስራ ሁለት ደቂቃ ነው። አስራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቆምኩ። መጮህ እችል ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ባቡሩ ሲያፏጭ አያቴ ተነሡ። "ይቆዩ፣ አሁን ይነቃሉ" አልኳቸው። "ካየችኝ ታፍራለች" ብለው ወጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጫማዬን ሳይ የነበረው እሳቸው ጥግ እስኪዞሩ ነው።

ሦስተኛው ነገር ይህ ነው። ለሹሙ ለደቂቃ ግን አልጻፍኩትም። የመሥሪያ ቤቱ ሰው አያቴን ጠርቶ እንዲጠይቃቸው አልፈልግም። "እምቢ አለችኝ" ብዬም አልጻፍኩም፣ ውሸት ነውና። "ሳልቀሰቅሳት ቀረሁ" ብዬ ጻፍኩ። ትናንት ተፈረመ። ወረቀትዎ ከዚህ ጋር አለ፣ ማኅተሙ ሁለት ቦታ ላይ ነው። እስከ የካቲት 1 ክፍሏን እንለቃለን። በደቡቡ መስመር አራት ሰዓት ርቆ የአያቴ ወንድም ልጅ አለ፤ እሱ ጋ እንሄዳለን።

ይህን ያደረግኩት ወድጄሽ አይደለም። አዎ፣ አንቺ አልኩሽ። ሥራዬን የወሰደብኝን ሰው እርስዎ ማለት ሰለቸኝ።

የእህትሽ ልጅ


ጥር 25 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ከርማችኋል፤ ሁለታችሁንም ነው የምለው።

አንቺ ማለትሽን አይቻለሁ። ይሁን።

ወረቀቱን ለፋብሪካው ሰጠሁት። ቀድጄ ጣልኩት ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር፤ እኔ ግን እንደዚያ ያለ ሰው አይደለሁም። ጠረጴዛዬ ተመልሶልኛል። ያቺ ልጅ ወደ ክር ለቀማ ወርዳለች፤ በጣቴ ክር እንዳላሳያት ራሴን እይዛለሁ፣ ሁልጊዜ አይሳካልኝም።

ለምን አለፍሽ አላልሽኝም፣ ግን ልንገርሽ። በመጀመሪያው ዓመት ባዶ እጄን ነኝ ብዬ አለፍኩ። በሁለተኛው፣ ባለፈው ዓመት ሳልወርድ ቀርቼ አሁን ምን እላለሁ ብዬ አለፍኩ። ከዚያ በኋላ ምክንያት አልፈለግኩም። ሰው ማለፍን ይለምዳል። አግዳሚው ላይ አንዲት ነጠላ ያጣፋች አሮጊት አያለሁ፤ ዓይኔን ከእሷ ላይ አነሣለሁ። አውቄያት ነበር ወይ ብለሽ አትጠይቂኝ።

ከዚህ ጋር ለጣቢያችሁ ሹም የጻፍኩት አለ። "ዘጠኝ ቁጥር ተቀስቅሳ ነበር፣ እንቅልፍ አሸንፏት አልነሣም አለች፣ እነሆ ፊርማዋ" ይላል። ውሸት ነው፤ ግን የእኔ ውሸት ስለሆነ አንቺን አይመለከትሽም። ቶሎ ስጪው።

ዘግይቼ ስለገባሁ ፈቃዴን ለአራት ወር ብቻ ነው የመቱልኝ፤ ስለዚህ እንደገና ወደዚያ እመጣለሁ። የካቲት 3 ቀን በአስር ሰዓቱ ባቡር እደርሳለሁ፣ ቅያሪው እስኪመጣ ሃምሳ ደቂቃ አለኝ። ቃል አልገባም። እግሬን አላምነውም።

አክስትሽ


የካቲት 3 ቀን፣ ከማረፊያው ክፍል

ለአክስቴ፤

ከመንገድ ድካም ፈጣሪ ይጠብቅሽ።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰ። የፖስታው ፉርጎ የተቀጠለበት ባቡር አስራ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ነው የገባው። ለሹሙ የጻፍሽውን ለደቂቃ ሰጠኋቸው። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። "ከትናንት በስቲያ ቢሆን እቀበለው ነበር፤ አሁን አዲሷ ፈርማለች" አሉኝ። አዲሷን ልጅ ከገባች በሁለተኛው ቀን "ጡሩንባ" ብለዋታል። ስትቀሰቅስ መድረኩ ላይ ያሉ ሻንጣ ተሸካሚዎችም ይነቃሉ።

ክፍሏን ለቀናል። የደቡቡ ባቡር ጠዋት ሦስት ሰዓት ይነሣል ተብሎ ዕቃችንን ይዘን መጣን። ስድስት ሰዓት ይዘገያል ተብሎ ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። እኔ ስንት ጊዜ በዚያ ጠመኔ ጽፌያለሁ፤ ቁጭ ብዬ ሳነበው ግን የመጀመሪያዬ ነው። ጡሩንባ ለአያቴ አልጋ ሰጠቻቸው። "አሮጊት ናቸው፣ ይገባቸዋል። አንቺ ግን ወንበር ላይ" አለችኝ። ደንቡ እንደዚያ ነው። ሻዩ ትኩስ ነበር፤ ይህን እወቂው።

አልጋውን እኔ አልመረጥኩም፣ እሳቸው በዱላቸው እስከ ዘጠኝ ቆጥረው ሄደው ተኙ።

ለዘጠኝ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ጡሩንባ መጣች። "የደቡብ ተሳፋሪዎች፣ ተነሡ፣ ቲኬት፣ ፊርማ" እያለች አልጋ ባልጋ መጣች። በዚያ ሁሉ ጩኸት አያቴ አልነቁም። ትከሻቸውን ልትነካ ስትል የእጇን አንጓ ያዝኩ።

"ተያቸው ይተኙ" አልኩ።

በዚህ ክፍል ውስጥ በድምፅ ሳዝዝ የመጀመሪያዬ ነው። ጡሩንባ ራሷ ደነገጠች።

"ባቡሩ ያመልጣችኋል። ቀጣዩ ከነገ ወዲያ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ባቡር ያመለጠው ሰው ደግሞ አልጋ የለውም። አልጋ የሚሰጠው ባቡር ለዘገየበት ነው፣ ለዘገየ ሰው አይደለም።"

"አውቃለሁ አልኩሽ። እስከ አስር ሰዓት ብቻ ተያቸው።"

"እኔ እንዳንቺ አልባረርም፤ ፈርሚ እንግዲህ" አለችኝ። ተቀስቅሰናል ብዬ በሁለታችን ስም ፈረምኩላት። ባቡሩ አስራ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ሄደ።

ይህን ወረቀት ለጡሩንባ እሰጣታለሁ፤ ከአስር ሰዓቱ ባቡር የምትወርደውን፣ የኮቷ ሁለተኛ ቁልፍ በሰማያዊ ክር የተተከለውን ሴት ፈልገሽ ስጫት እላታለሁ። ዓይንሽን አንሥተሽ ብታልፊም ይደርስሻል፤ እሷ ትጮኻለች።

ይቅርታ አላደረግኩልሽም። እንዳይመስልሽ። ሰሌዳው ግን ባቡርሽ በሰዓቱ ይገባል ይላል፤ መጋረጃውንም ከፍቼዋለሁ።

አያቴ አሁን ነቁ። "ባቡሩ ሄደ?" አሉኝ። ሄደ አልኳቸው። ማንን ነው የምንጠብቀው ብለው አልጠየቁኝም። ፀጉራቸውን በመዳፋቸው አስተካክለው፣ ጫማቸውን በእግራቸው ፈልገው አደረጉና፣ "በይ ወደ አግዳሚው ውሰጂኝ፣ ፀሐይ ልሙቅ" አሉኝ።

ውጭ ደመና ነው።

የእህትሽ ልጅ